አራት ጣት መቆሚያ

አባዬ ባለፈው አንድ ዓመት በቶርኖው ላይ አሳምሮ የሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የድንቢጥ ቤት መቆሚያ። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሥራችን እንጨት ማክበብ ነው። የወንበር እግር፣ የአልጋ ራስጌ፣ የደረጃ መደገፊያ እንሠራለን። እንጨቱ በሁለት ጫፉ ቶርኖው ላይ ተወጥሮ ሲሽከረከር መሮውን አስጠግተህ ትይዛለህ። ለሚያይ ሰው የሚሠራው ማሽኑ ይመስላል፤ የሚሠራው ግን እጅ ነው። እጅ ከተንቀጠቀጠ እንጨቱ ምስጢር አይደብቅም። አንገቱ ይወፍራል፣ ቀለበቱ ይጣመማል፣ ወገቡ ላይ እንደ ጥርስ ንክሻ ያለ ምልክት ይቀራል። አባዬ በዚህ ሥራ ሠላሳ አምስት ዓመት ኖሯል። እኔ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ አጠገቡ ከቆምኩ አሥር ዓመቴ ነው።

የእጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው ብርጭቆ ሲያነሳ ነበር። እማዬ «ብርድ ነው» አለች። እሱም «ብርድ ነው» አለ። ብርዱ አልፎ ሙቀቱ ገባ፤ እጁ ግን አላረፈም። ሐኪም ቤት ሄዶ ኪኒን ተሰጠው። ኪኒኑን ጠዋትና ማታ ይውጣል፤ ስለ እጁ ግን በቤታችን አይወራም።

በዚያው ሰሞን የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንዲት ሴትዮ ስድስት ወንበር አዘዙን። አባዬ «እግሮቹን እኔ፣ የቀረውን አንተ» አለኝ። የመጀመሪያዎቹን አራት እግሮች ጨርሶ ጎን ለጎን ሲያቆማቸው አራት የማይተዋወቁ ሰዎች የሠሯቸው ይመስሉ ነበር። እሱ ግን ራቅ ብሎ አያቸውና «እንዴት ናቸው?» አለኝ።

«ጥሩ ናቸው» አልኩ።

አባዬ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ጋደም ይላል። እሱ ሲተኛ አዲስ እንጨት ወጠርኩና ድሮ እሱ ራሱ ባስተማረኝ ልክ አራት እግር ሠርቼ በእሱ እግሮች ቦታ አቆምኩ። የእሱን ከፍቅፋቂው ጋር ጆንያ ውስጥ ከተትኩ። ፍቅፋቂውን ለማገዶ የሚወስዱ ሴት አሉ፤ አብሮ ሄደላቸው። በማግሥቱም እንዲሁ አደረግኩ። በስድስት ቀን ሃያ አራት እግር ሞላ።

ሴትዮዋ መጥተው እግሮቹን በመዳፋቸው ዳሰሱና «ጋሼ፣ እጅዎ እኮ ዛሬም ወርቅ ነው!» አሉት።

«እጅ አያረጅም፣ እመቤት። የሚያረጀው ወገብ ነው» አለ አባዬ።

ያን ቀን እራቱን ጠግቦ በላ። እማዬን ሁለት ጊዜ አሳቃት። እኔም መልካም ነገር የሠራሁ መሰለኝ። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ድንቢጦቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ባልና ሚስት ናቸው። ከሥራ ቤታችን መስኮት በላይ ባለች ስንጥቅ ጎጆ ሊሠሩ ገለባ ያመጣሉ፤ ገለባው ይወድቃል፤ እንደገና ያመጣሉ። አባዬ ለሁለት ቀን አያቸውና «እነዚህ ሰዎች ቤት የሚሰጣቸው አጡ እንዴ?» አለ።

ከትርፍ ጣውላ አንዲት ሣጥን ሠራሁላቸው። በመሰርሰሪያ በሩን በሳሁ። ጣሪያዋን ዘንበል አደረግኩ። አባዬ አገላብጦ አያትና «በረንዳ የሌለው ቤት አለ?» አለኝ። «ደጃፏ ላይ የምትቆምበት እኔ እሠራላታለሁ።»

ሦስት ቀን ፈጀበት። አጠገቡ እንድቆም አልፈለገም። በሦስተኛው ቀን ሲተኛ፣ እንደ ልማዴ በሌላ ልተካው እንጨት ይዤ ቀረብኩ። ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁትን ግን አሁን ድረስ በእጄ የያዝኩት ይመስለኛል። አራት ጣት የሚረዝም፣ ከአመልካች ጣት የማይወፍር፣ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው። ሥሩ ላይ ሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች አሉት፤ ጫፉ ገና ያልፈነዳ እንቡጥ ይመስላል። ጉድለት ፈልጌ ወደ ብርሃን አወጣሁት፣ አዙሬ አየሁት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኩት። አላገኘሁም። እጁ በዚያ ቀን ለምን እንደ ታዘዘለት አላውቅም። እኔ ራሴ እንዲያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። የያዝኩትን እንጨት ወደ ቦታው መለስኩ።

ሲነቃ «አየኸው?» አለኝ።

«አየሁት፣ አባዬ» አልኩ። በዚያ ዓመት ስለ ሥራው ሳልዋሽ የመለስኩለት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ኮላውን ራሱ ቀብቶ ራሱ ተከለው። ሣጥኗን ከመስኮቱ አጠገብ ሰቀልናት። ድንቢጦቹ በሁለተኛው ቀን ገቡ፤ ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ የጫጩት ድምፅ መሰማት ጀመረ። አባዬ አንድ ሣጥን ገልብጦ መስኮቱ ሥር መቀመጥ ልማዱ ሆነ።

እኔ ድንቢጥ ፍርፋሪና እህል ብቻ የምትበላ ይመስለኝ ነበር። እናቲቱ ግን ሕይወት ያለውን አባጨጓሬ በአፏ እያንጠለጠለች ትመጣለች። መቆሚያው ላይ ታርፍና ትሉን ግራና ቀኝ እያወናጨፈች እንጨቱ ላይ ትቀጠቅጠዋለች። መላወሱን ሲተው ይዛው ትገባለች።

«አየህ አራጇን!» ይላል አባዬ። «መቆሚያው ባይኖር የት ትቀጠቅጠው ነበር?»

«ሰው ሥራ ይውላል፣ አንተ የወፍ ቄራ ስታይ ትውላለህ» ትላለች እማዬ ልብስ እያሰጣች።

«ዶሮሽን አትጠብቂም? ትናንት አይጥ ስትውጥ አይቻታለሁ።»

«ዶሮዬን ተዋት! እሷ ጨዋ ናት።»

«ጨዋ? ጅራቱ በአፏ ተንጠልጥሎ ሌሎቹ ሲያሯሯጧት ነበር። ሁሉም አዳኝ ነው፣ አንቺ ሴት። ልዩነቱ የጥፍር ነው።»

እንዲህ ሲቀልድ እጁን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል፤ መንቀጥቀጡንም የረሳው ይመስላል።

ጫጩቶቹ አራት ነበሩ። ላባ ሲያወጡ በየተራ ራሳቸውን በበሩ ብቅ ማድረግ ጀመሩ። መቆሚያው ነቅነቅ ሲል እናታቸው የመጣች እየመሰላቸው ይሻማሉ።

ማክሰኞ ዕለት አባዬና እማዬ ሐኪም ቤት ሄደው ሳለ ጎረቤታችን መስታወት ቆራጩ የቁም ሣጥን መስታወት ይዘው መጡ። ርግብ ስለሚያረቡ ሰፈሩ ጋሽ ርግቤ ይላቸዋል። መስታወቱን አስቀምጠው ቀና ሲሉ ሣጥኗን አዩ።

«ይህን በረንዳ ለማን ነው የሠራችሁት? ለቁራ?»

«ለድንቢጦቹ ነው፣ ጋሼ።»

«ድንቢጥ በረንዳ ምን ያደርግላታል? በበሩ ጠርዝ በጥፍሯ ተንጠልጥላ ትገባለች። ቆሞ ማጎንበሻ የሚፈልገው እሱ ነው።» በአገጫቸው ወደ ጎረቤት ረጅም ዛፍ አመለከቱ። ዛፉ ላይ ቁራ ጫጩቶች ፈልፍሎ ነበር፤ ሲጮሁ እስከ እኛ ይሰማል። «እሱም ልጅ ያሳድጋል። አንተ ደግሞ ወንበር አስቀምጠህ ና ብላ ብለኸዋል። ስንት ጫጩት እንዲህ እንዳለቀብኝ ብነግርህ! ዛሬውኑ ቁረጠው።»

«እሺ» አልኩ።

«እሺ ብለህ የቁራ መልእክተኛ እንዳትሆን። አሁን ቁረጠው!»

እሳቸው ሲወጡ ትንሿን መጋዝ አነሳሁ፤ መሰላሉንም አቆምኩ። መጋዙን ከቀለበቶቹ ሥር አስጠጋሁ። ሁለት ጊዜ ብስበው ይወድቃል። እጄ እንቢ አለኝ። ሃያ አራት እግር ስጥል እጄ አላመነታም ነበር። ይህን ግን ብቆርጠው ከአባዬ ሥራ በዓለም ላይ ምንም አይቀርም ብዬ አሰብኩ። የድሮዎቹ በየሰው ቤት ገብተዋል፤ የዘንድሮዎቹ ተቃጥለዋል። ከመሰላሉ ወረድኩ።

ሲመለሱ እማዬን ወጥ ቤት ለብቻዋ አግኝቼ ጋሽ ርግቤ ያሉትን ነገርኳት።

«ንገረዋ ታዲያ!» አለችኝ። «አባትህ እንቁላል ነው እንዴ የሚሰበር? አባትና ልጅ ቀኑን ሙሉ አብራችሁ እየዋላችሁ በእኔ በኩል ነው የምትነጋገሩት?»

ምሳ ላይ ልነግረው ተዘጋጀሁ። ቀድሞኝ ማውራት ጀመረ።

«ሐኪሙ እጅዎ እንዴት ነው አለኝ። እኔ ምን አልኩት መሰለህ? ቤቴ ድረስ ይምጡና የድንቢጥ በረንዳ ላሳይዎት! እዚያ ላይ ያለውን ቀለበት ጤነኛ ሰው ሠርቶ ያሳየኝ!» አለና በረጅሙ ሳቀ። ማንኪያው ሰሐኑን እያንኳኳ ነበር። «ሰውዬው ምን ይበለኝ? ዝም!»

እማዬ በጠረጴዛው ሥር በእግሯ ነካችኝ። አጎንብሼ በላሁ።

ረቡዕ፣ ነገ እነግረዋለሁ ብዬ አለፍኩ። ሐሙስ ቁራው የልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ቆሞ አየሁትና በድንጋይ አባረርኩት። ከዚያ በኋላ ከሥራዬ በየጊዜው ቀና እያልኩ በመስኮቱ አየሁ። እየጠበቅኩ ነው፣ ምንም አይሆኑም እያልኩ ራሴን አባበልኩ።

ዓርብ ጠዋት ሁለታችንም ውስጥ ነበርን። እኔ የአልጋ ራስጌ እያከበብኩ ነው፤ አባዬ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። አስቸጋሪ እንጨት ስለነበረ ዓይኔን ከመሮው አላነሳሁም። ቶርኖው ሲሠራ ከእሱ ድምፅ ሌላ ምንም አይሰማም። እንጨት ልቀይር ሳጠፋው ነው ጩኸቱን የሰማሁት። ሁለቱ ድንቢጦች እላይ እላይ እየበረሩ ይጮሃሉ።

ቁራው መቆሚያው ላይ ነበር። አልቸኮለም። ሁለት እግሩን በቀለበቶቹ ላይ አደላድሎ፣ ደጅ እንደሚያንኳኳ እንግዳ ራሱን ዘንበል አድርጎ ቆሟል። መቆሚያው ነቅነቅ አለ። ከውስጥ አንዲት ትንሽ አፍ ተከፍታ ብቅ አለች።

አባዬ የያዘውን ጥሎ ወጣ። ጫማውን አውልቆ ወረወረ። ጫማው ከሣጥኗ ሁለት ክንድ ርቆ ግድግዳውን መታ። ቁራው ጫጩቷን በአፉ እንደያዘ ተነስቶ ወደ ረጅሙ ዛፍ በረረ፤ እዚያ የራሱ ልጆች እየተንጫጩ ተቀበሉት። በመሰላል ወጥቼ የሣጥኗን ክዳን አነሳሁ። ገለባና ጥቂት ላባ አለ። ያየናት የመጨረሻዋ ነበረች። ሌሎቹን እኛ ከመስኮቱ በዚህ በኩል እየሠራን ሳለ በየተራ ወስዷቸዋል።

«ስንት ቀረ?» አለ አባዬ ከታች።

«የለም።»

አንድ እግሩ ባዶ እንደሆነ የገለበጠው ሣጥን ላይ ተቀመጠ። እማዬ እርጥብ ልብስ እንደያዘች ከማስጫው ሥር ቆማ ቀረች።

ጥቂት ቆይቶ እናቲቱ መጣች። አፏ ውስጥ አረንጓዴ አባጨጓሬ አለ። መቆሚያው ላይ አርፋ ግራና ቀኝ ቀጠቀጠችው። ገባች። ወጣች። አባጨጓሬው አሁንም በአፏ ነው። ዙሪያዋን አየችና እንደገና ገባች። እንደገና ይዛው ወጣች።

«ማን ይንገራት?» አለ አባዬ።

ለእኔ አልነበረም ያለው። እኔ ግን ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልኩም።

«አውቅ ነበር» አልኩ።

«ምኑን?»

«ቁራው በመቆሚያው እንደሚመጣ። ጋሽ ርግቤ ማክሰኞ ነግረውኛል። ቁረጠው ብለውኝ ነበር።»

«ማክሰኞ» አለ። በጣቱ የሚቆጥር ይመስል ነበር። «ዛሬ ዓርብ ነው።»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበር» አልኩ።

አባዬ ቀና ብሎ ፊቴን አየ። ሞኝ ሰው አይደለም። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ በክፍቱ በር ጥግ ያለውን የፍቅፋቂ ጆንያ፣ ከዚያ ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን አየ። የሚጠይቀኝን ሳይጠይቀኝ አወቅኩት፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

«የወንበሮቹ እግሮችስ?»

እኔም ወደ ጆንያው አየሁ።

«ስንቱን ነው?»

«ሁሉንም።»

«ሃያ አራቱንም?»

«ሃያ አራቱንም፣ አባዬ።»

«አንተ ልጅ!» አለች እማዬ። ድምፅዋ እንደ ቁጣ ጀምሮ መሃል ላይ ተሰበረ።

አባዬ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሴትዮዋ እጅዎ ወርቅ ነው ሲሉ» አለ፣ «እኔ እጅ አያረጅም አልኳቸው። አንተ እዚያው ቆመህ ነበር።»

«ቆሜ ነበር።»

«ስቀህብኝ ነበር?»

«አባዬ! እንዴት እስቃለሁ?»

«ብትስቅብኝ ይሻል ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «የሚስቅብህ ሰው አንድ ቀን አንተም ትስቅብኛለህ ብሎ ይጠብቃል። የሚያዝንልህ ግን...» አልጨረሰውም።

ላጽናናው ፈለግኩ። «መቆሚያውን አልነካሁትም» አልኩት። «እውነቴን ነው። እሱ ያንተ ነው። እሱን ነው መቁረጥ ያቃተኝ።»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ምን እንዳልኩ ገባኝ። እናቲቱ አሁንም እዚያው ላይ ናት፤ ትሏን እንደያዘች። አባዬም ወደዚያው አየ።

«እንግዲያው እሱ የእኔ ነው» አለ። ጫማውን ሳያነሳ ወደ ቤት ገባ።

ከሰዓት በኋላ መሰላል ወጥቼ መቆሚያውን ቆረጥኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ጋሽ ርግቤ በአጥሩ በኩል አዩኝ። ድንቢጦቹ ምግብ ማምጣታቸውን ቅዳሜም አልተዉም። በጥፍራቸው በበሩ ጠርዝ ተንጠልጥለው ገቡ፤ ጋሽ ርግቤ እንዳሉት ምንም አልቸገራቸውም። እሑድ አልመጡም። ቁራውን ልጠላው ሞከርኩ። ግን ከዛፉ ላይ ልጆቹ ሲጮሁለት እሰማ ነበር፤ እሱ ያደረገውን ማንም አባት ያደርገዋል። እኔ ያደረግኩትን ግን ማን ያደርጋል?

በእነዚያ ሁለት ቀናት አባዬ ያናገረኝ ጨው አቀብለኝ ሲል ብቻ ነው። እማዬ «ይተወዋል፣ ትንሽ ጊዜ ስጠው» ትለኛለች። ለብቻዋ ስትሆን ግን ከወጥ ቤት ስትናፈጥ ሰማኋት።

ሰኞ ጠዋት አባዬ ቀድሞኝ የሥራ ቤት ገብቶ አገኘሁት። አንድ እንጨት ወጥሯል። «ራቅ ብለህ ቁም» አለኝ። ቶርኖውን አስነሳ። የወንበር እግር ነበር የሚሠራው፤ የሴትዮዋን ዓይነት። አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራ። መሮው ሁለት ጊዜ አመለጠው፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ፊት ልሄድ ብዬ ተመለስኩ። ፍቅፋቂው ፀጉሩ ላይ እየዘነበ ነበር። ሲጨርስ ማሽኑን አቁሞ የወንበሩን እግር ፈታና ሰጠኝ። ወዲያው ሌላ ባዶ እንጨት ወጥሮ ቶርኖውን መልሶ አስነሳው፤ የሚቀጥለውን ሊጀምር ነው።

«እየው» አለኝ። «እንደ ልጅ አይደለም። እንደ ሠራተኛ።»

ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። አየሁት። ዳሰስኩት። ጊዜ ወሰድኩ፤ የምናገረው ጠፍቶኝ ሳይሆን እሱ ለእኔ ሥራ ሁልጊዜ የሚሰጠውን ያህል ጊዜ ልሰጠው ብዬ ነው።

«አይሆንም፣ አባዬ» አልኩ።

«የቱ ጋ?»

በአውራ ጣቴ አሳየሁት። «አንገቱ እዚህ ወፍሯል። እዚህ መሮው ገብቶበታል። ይኼ ቀለበት አልዞረም።»

በእኔ አውራ ጣት ኋላ የራሱን አውራ ጣት አስከተለ። አንገቱ ላይ፣ ንክሻው ላይ፣ ቀለበቱ ላይ። ልጅ ሆኜ ስህተቴን ያሳየኝ የነበረው እንዲሁ ነው፤ ያኔ የእሱ ጣት ይቀድም ነበር።

«ልክ ነህ» አለኝ። «አይሆንም።»

መሮውን ጠርጎ ቦታው አስቀመጠ። ቶርኖው የተወጠረውን ባዶ እንጨት በከንቱ እያዞረ ነበር። አባዬ ሊያጠፋው እጁን ወደ ማጥፊያው ዘረጋ። ሳተው። እንደገና ዘረጋ፤ ጣቱ ከማጥፊያው ጎን ብረቱን ነካ። እኔ ከማጥፊያው አንድ ክንድ እንኳ አልርቅም ነበር። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩና ጠበቅኩ።

በሦስተኛው አገኘው።

ቶርኖ ሲጠፋ ወዲያው አይቆምም፤ ለጥቂት ጊዜ በራሱ ይዞራል። እስኪቆም ድረስ ሁለታችንም ቆመን አየነው።